የጨመርኩለት አንድ ዓመት

ልጄን አንደኛ ክፍል ሳስገባው ዕድሜው ላይ አንድ ዓመት ጨመርኩ። መስከረም 2006 ነው። ስድስት ዓመት ከምናምን ነበር። ሰባት ካልሞላው አንመዘግብም አሉኝ። እኔ ያኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ቀን ቀን የሚይዝልኝ ሰው የለም። “የተወለደው ሚያዝያ 1998 ነው” አልኩ። መዝጋቢዋ ቀና ብላም ሳታየኝ ጻፈች። በቃ፣ አለቀ። ስምንት ዓመት ሙሉ ትዝም ብሎኝ አያውቅ።

ትዝ ያለኝ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ነው።

ጥር 18 ቀን 2014፣ ረቡዕ፣ የገብርኤል ዋዜማ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ተደወለልኝ። ልጄና የሰፈር ጓደኛው ደቻቱ፣ የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ተይዘዋል። አንድ የተጠቀለለ፣ ግማሹ የተጨሰ። ሌላ ደግሞ በጋዜጣ ቁራጭ የተቋጠረ ቅጠል፣ እፍኝ የማይሞላ። ልጆቹ ጋንጃ ይሉታል፣ ትልልቆቹ ሀሺሽ እንላለን፣ የፖሊስ ወረቀት ላይ ካናቢስ ተብሎ ተጽፏል።

ድሬ የምትኖሩ ይገባችኋል። ከምሳ በኋላ ከተማው ጉንጩን ነፍቶ ጥላ ይፈልጋል። ጫት በየማዕዘኑ ይሸጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ልጄ በኋላ “እማ፣ እሱም ቅጠል፣ እሱም ቅጠል” ብሎኛል። መልስ አጣሁለት፣ እውነቴን ነው። ግን ሕጉ ዘንድ አንድ አይደሉም። ጫቱ ይሸጣል፣ ይቃማል። ካናቢስ ግን ትንሽም ትሁን ወንጀል ነች።

ስደርስ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የጫማው ክር የለም። ቀበቶውንም ወስደውበታል። ያንን ሳይ ራሴን መያዝ አቃተኝና እዚያው ፖሊሶቹ ፊት አምባረቅኩበት። “ተናገር! እውነቱን ንገራቸው! ከየት አመጣኸው?” ልጁ ደነገጠ። “እኔ ነኝ የገዛሁት። ለእሱም የሰጠሁት እኔ ነኝ” አለ።

መርማሪው ብዕሩን አነሳ።

እውነት መናገር ማስተማሬ ነበር። ምን እንዳስነገርኩት የገባኝ ከቀናት በኋላ ጠበቃው ሲያስረዳኝ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ሰፊ ነው። ማምረት፣ ማዘዋወር፣ መሸጥ፣ ማከፋፈል አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቅጣታቸው ከ5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጀምራል፣ የገንዘብ መቀጮም አለው። ለራስ መጠቀም እዚያው አንቀጽ ውስጥ ቢሆንም ቦታው ለብቻው ነው፤ ቀለል ይላል። “ለእሱም የሰጠሁት እኔ ነኝ” የምትለዋ ቃል ልጁን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ልትጎትተው ትችል ነበር። ሁለት ልጆች አንድ ሲጋራ መቀባበላቸው “ማከፋፈል” ተብሎ ይጻፋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ስለዚህ ልጃችሁ ጣቢያ ከገባ ቁጣችሁን ለቤት አቆዩት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው ይላል። የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም። “ጠበቃ ሳማክር እናገራለሁ” ማለት ይቻላል፤ ወላጅም ይህንኑ ከጎኑ ሆኖ ቢያስታውሰው ነውር የለበትም። እኔ ግን ከመርማሪው ብሼ መርማሪ ሆንኩበት።

ከዚያ ዕድሜ ተጠየቀ። ልጄ ኪሱ ውስጥ የትምህርት ቤት መታወቂያ አለው። 1998 ይላል። መርማሪው ከ2014 ላይ ቀነሰና 16 ብሎ ጻፈ። “ኧረ 14 ነው!” አልኩ። “እናቴ፣ መታወቂያው ሌላ ይላል። ደግሞ ቁመቱን አላየሽውም?” አለኝ። ቁመቱ እውነትም የአባቱ ነው፤ ከእኔ ከበለጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ያን ሌሊት የተለየ ክፍል የለንም አሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በማረሚያም ሆነ በሌላ ተቋም የሚገኙ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው ይያዙ እንደሚል አላውቅም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ ያንን ነበር የምጠቅሰው። ብቻ አልቅሼ፣ ለምኜ፣ ተረኛው ክፍል አግዳሚው ላይ እንዲያድር ፈቀዱልኝ። ጓደኛው ግን ከአዋቂዎቹ ጋር ገባ። እሱን ፖሊስ 19 ብሎ ነበር የጻፈው። እናቱ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላት። ለገበያ የሚበቃ አማርኛ አላት፣ ለጣቢያ የሚበቃ ግን የላትም። ሁለታችን በር ላይ ነጠላችንን ተከናንበን አደርን።

ጠዋት ጉዳይ ገዳይ መጣ። ሁልጊዜም ይመጣል። ሸሚዙን የተኮሰ፣ ሁለት ስልክ የያዘ። “አብሽሪ፣ ፋይሉን እዚሁ አዘጋልሻለሁ፤ ውስጥ ሰው አለኝ” አለ። ሃያ ሺህ ጠየቀ። ሦስት ሺህ ቀብድ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ “ጥሪ አይቀበልም” ነው። አዴ አልሰጠችም። “ወላሂ፣ ልጄን የሚፈታ ሰው እዚህ በር ላይ ቆሞ ሻይ አይጠጣም” አለች። ከእኔ እሷ ብልህ ነበረች። ገንዘቤ መብላቱ ሳያንስ፣ ቢሳካም ኖሮ ጉቦ ሌላ ወንጀል ነው።

ያዳነኝ ሰው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ሽማግሌ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ። ገና ሳልጨርስለት “ስንት ዓመቱ ነው?” አለኝ። አሥራ አራት ከስምንት ወር አልኩት። “እርግጠኛ ነሽ ልጄ?” አለና መነጽሩን አወለቀ። “እንግዲያው ስለ ቅጠሉ መጨቃጨቁን ተይና ዕድሜውን አስረጂ። አሥራ አምስት በር ነው። ከበሩ ወዲህ አንድ ሕግ፣ ከበሩ ወዲያ ሌላ ሕግ።”

በሩን እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው “ወጣት ጥፋተኛ” ይባላል፤ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም፣ ከአዋቂ እስረኛ ጋርም አይቀላቀልም። ፖሊስ እንደያዘው ወዲያው ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይገባል። ጉዳዩ ቀጠሮ ካስፈለገው ልጁ ለወላጁ ወይም ለአሳዳጊው ይሰጣል። ወላጅ ከጠፋ ፍርድ ቤቱ ራሱ ጠበቃ ይመድብለታል። ይህን የሚለው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው፤ የ1954 ነው፣ ከእኔ ይበልጣል። 15 አልፎ 18 ያልሞላው ደግሞ እንደ አዋቂው በመደበኛው መንገድ ይሄዳል፤ ዳኛው ግን ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። ሞት አይፈረድበትም። ከ18 በኋላ ሙሉ አዋቂ ነው።

የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። ልጄ በዚያ ረቡዕ በሩ ላይ ሊደርስ አራት ወር እንኳ አልቀረውም። እኔ ደግሞ በስምንት ዓመት አስቀድሜ ገፍቼ አሳልፌዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀረቡ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይህቺን እንኳ ከቴሌቪዥን አውቃታለሁ። ድሬዳዋ እንደ አዲስ አበባ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ስለሆነ እንደዚህ ዓይነት ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ፖሊስ ናሙናው አዲስ አበባ ለምርመራ ይላክ፣ 14 ቀን ይፈቀድልኝ አለ። እጄን አወጣሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። “ልጁ 14 ነው፤ ጠበቃ የማቆምበት አቅምም የለኝም” አልኩ። ዳኛዋ መታወቂያውን አገላብጠው አዩት። እስከ ማክሰኞ የዕድሜ ማስረጃ እንዳቀርብ አዘዙ፤ ለሁለቱም ተከላካይ ጠበቃ ተመደበ። ነፃ ነው። ጠይቃችሁ ካልሆነ ማንም መጥቶ አይነግራችሁም።

አሁን ፍለጋው። የልደት ሰርተፍኬት የለኝም። ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱትም መውሰድ ይችሉ ነበር፣ እኔ ግን ነገ ዛሬ ስል ቀረሁ። አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ ግማሹ የተቀደደ የክትባት ካርድ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ጣቢያ ወሰድኩት። ካርዱ ላይ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 2007 ይላል። ተረኛው አየና ሳቀ። “እናቴ፣ በ2007 ከተወለደማ ገና ሰባት ዓመቱ ነዋ!” ሌላ ቀን ብሆን አብሬው እስቅ ነበር።

ቅዳሜ ክርስትና ያስነሳሁበት ደብር ሄድኩ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው የሚጠመቀው፣ ስለዚህ የጥምቀቱ ቀን የልደቱን ቀን ያስቆጥራል። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። ግንቦት መጨረሻ፣ 1999። የክርስትና ስሙ፣ የክርስትና አባቱ፣ ሁሉም አለ። በማኅተም ጻፈልኝ። ሰኞ ድል ጮራ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ልጄን የወለድኩት እዚያ ነው። የፍርድ ቤት ደብዳቤ ይዤ ስለሄድኩ አላንከራተቱኝም። ደብዳቤው ከሌላችሁ በዚያ በኩል አትሞክሩት፤ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ እንዲጽፍ በጠበቃችሁ በኩል ጠይቁ። የመዝገብ ክፍሏ ልጅ አቧራውን እያራገፈች ሚያዝያ 20 ቀን 1999 የሚለውን ገጽ አወጣችልኝ። ስሜ አለ። ወንድ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ።

የአዴ ልጅ ምንም ወረቀት አልነበረውም። ለእሱ ጠበቃው የሐኪም ምርመራ አስጠየቀ። አጥንትና ጥርስ አይተው ግምት ይሰጣሉ። ግምት ነው፣ ቀን አይናገርም፤ “ከዚህ እስከዚህ” ብሎ ነው የሚመጣው። የእሱ 18 ያልሞላው መሆኑን ለማሳመን በቃ። ለልጄ ግን ቢሆን ኖሮ አይበቃም ነበር። 14 ከስምንት ወርና 15 ከስምንት ወር በጥርስ አይለዩም። ለዚህ ነው ወረቀት ወረቀት የምለው።

ማክሰኞ ልጄ የቀረበው ችሎት አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የዳኛዋ ቢሮ ነው። ለዚህ ዕድሜ ጉዳዩ የሚታየው በዝግ ነው፤ ወላጅ፣ ምስክር፣ ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይገባም። ካባ የለ፣ “ተነስ፣ ተቀመጥ” የለ። ልጄ ወንበር ተሰጠው። ወረቀቶቹን አቀረብኩ። ዳኛዋ አንብበው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

“ታዲያ ትምህርት ቤቱ ለምን 1998 አለ?”

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቄ ሌሊቱን ስፈራው ነው ያደርኩት። ጠበቃው “ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ” ብሎኝ ነበር። ተናገርኩ። ሥራ ነበረኝ፣ የሚይዝልኝ አልነበረም፣ አንድ ዓመት ጨመርኩ። ልጄ ዞሮ አየኝ። ለካ እሱም አያውቅም። እስከዚያ ሳምንት ድረስ 15 ያለፈው መስሎት ይኖር ነበር።

ዳኛዋ የሆስፒታሉንና የደብሩን ተቀበሉ። ሁለት ቦታ፣ የማይተዋወቁ ሁለት መዝገቦች፣ አንድ ቀን። መዝገቡ ከጓደኛው ተለየ። ልጄን በዚያው ቀን ፈርሜ ወሰድኩት። ስድስት ሌሊት አድሯል።

የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ ካናቢስ ነው አለ። በነገራችን ላይ ውጤቱን ሳይጠብቁ “አዎ፣ ሀሺሽ ነው” ብሎ ማመን አያስፈልግም፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ማስረዳት የዓቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ማስረጃ ካነሰው መዝገቡን ሊዘጋም ይችላል። የእኛ አልተዘጋም። ያቺ ጣቢያ ውስጥ ያስነገርኳት ቃልም ተነሳች። ጠበቃው ያለ ጠበቃ፣ በእናቱ ጩኸት የተሰጠ ቃል መሆኑን አስረዳ፤ የተገኘው መጠንም ለሁለት ልጆች የአንድ ማታ ነበር። በመጨረሻ የቀረው መጠቀሙ ብቻ ሆነ።

ለዚህ ዕድሜ ሕጉ በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው “ርምጃ” ነው፣ ቅጣት አይለውም። ሱስ ከያዘው ለሕክምና ይላካል። በክትትል እንዲያድግ ለቤተሰቡ በአደራ ይሰጣል። ተግሣጽ አለ። በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ እንዲቆይ ማድረግ አለ። የመጨረሻው ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባት ነው። ዳኛዋ ከመወሰናቸው በፊት ስለ ልጁ አጠያየቁ፤ ትምህርቱን፣ ቤቱን፣ ከማን ጋር እንደሚውል። የክፍል ኃላፊው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈለት። ትምህርት ቤት መንገር ወይስ አለመንገር የሚለው ለብቻው ብዙ ያስወራል፤ እኔ ለአንድ መምህር ብቻ ነገርኩ፣ እሱም አፉን ያዘ።

ተግሣጽና በእኔ ክትትል እንዲያድግ ተወሰነ። ጠባዩን እንደምከታተል በጽሑፍ ግዴታ ገባሁ። ተግሣጹ ሃያ ደቂቃ ፈጅቷል። ዳኛዋ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ልጄ ግን የኔ የዓመት ጩኸት ያላወጣለትን እንባ አወጣ። ጠበቃው ደረጃው ላይ የነገረኝን ልድገመው፦ በእነዚህ ርምጃዎች የታለፈ ልጅ በወንጀል እንደተቀጣ አይቆጠርም።

የጓደኛው ረዘመ። ፖሊስ ከጠየቀው 14 ቀን ስምንቱ ተፈቀደ፣ ከዚያ በ6,000 ብር ዋስ ወጣ። እንዲህ ባለ ጉዳይ ዋስትና መጠየቅ መብት ነው፤ ስትጠይቁ ቋሚ አድራሻና የሚማርበትን ደብዳቤ ያዙ። ብሩን ከፊሉን የገበያ ጓደኞቿ ከዕቁባቸው አዋጡላት። ክሱ በመደበኛው ችሎት ነው የተሰማው። የድሬ ልጅ በአንድ አረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ ይቀያይራል፣ ሲደነግጥ ግን የእናቱ ብቻ ይቀርለታል፤ የኦሮምኛ አስተርጓሚ ጠየቀ፣ ተሰጠው። አመነ። የቅጣት ማቅለያ ሲጠየቅ ጠበቃው ዕድሜውን፣ ከዚህ በፊት ምንም ጥፋት የሌለበት መሆኑን፣ ማመኑንና መጸጸቱን አቀረበ። እስራት ተፈረደበት፣ ግን በ2 ዓመት ገደብ። ገደብ ማለት ቅጣቱ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ጥፋት ካላጠፋ አይታሰርም። ካጠፋ የድሮውም ይነሳበታል። አዴ “ገደብ” የሚለውን ቃል እንደ ጸሎት ነው የያዘችው። ልጁ ማታ ሊወጣ ሲል ከጓዳ ሆና “ገደብ!” ትለዋለች። እሱም “አቦ፣ ሰማሁ” ብሎ ይመለሳል።

አንድ አሸዋ ላይ፣ አንድ ሲጋራ። አንዱ የቢሮ ወንበር ላይ ተገሠጸ፣ ሌላው ቆሞ ተፈረደበት። በመካከላቸው ያለው ሁለት ሦስት ዓመት ነው። አዴን ሳያት አሁንም አፍራለሁ፤ ልጄ ነዋ የገዛው። እሷ ግን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ልጄ አልፎ አልፎ ያጨስ እንደነበር የነገረኝ ከወራት በኋላ ነው። ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አራት ጊዜ አብረን ሄደናል። ሁለቱን ጊዜ በር ላይ አስቀምጠውኝ ለብቻው አነጋገሩት። የተነጋገሩትን አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው ብዬ የዋጥኩት ግን ስንት ቀን ነው።

ሚያዝያ 20 ድፎ ዳቦ ደፋሁ። 15 ሞላው። በማግሥቱ ቀበሌ ሄጄ የልደት ሰርተፍኬቱን አወጣሁ፣ በእውነተኛው ቀን። የትምህርት ቤቱን ለማስተካከል ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከመመዝገቡ በፊት መስተካከል አለበት። ሰርተፍኬቱን አምስት ፎቶ ኮፒ አስነሳሁት። አንዱ ስፌት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አንዱ አዴ ጋ፣ አንዱ የልጄ ቦርሳ ውስጥ። ሁለቱ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ናቸው።